ጉልቻው ሲነቃነቅ

«ስማ አንተ፣ ጠመንጃ አልጋ ያስፈልገዋል እንዴ?»

ስልኩን እንዳነሣሁ የመጣልኝ ይህ ነው። እንዴት አደርክ የለ፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው የለ። የደወሉት ጋሼ ናቸው፤ ጎጃም ተወልደው ሚኔሶታ ያረጁ፣ ዛሬም ጡረታ አልወጣም ብለው የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱ ሰው። ስማቸውን አልጽፍም፤ «መጽሐፍህ ውስጥ ብታስገባኝ ውርድ ከራሴ» ብለውኛል። በያመቱ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ብርቱካናማ ሰደርያ አጥልቀው ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ሰሜኑ ጫካ አጋዘን አደን ይወጣሉ። ስጋው ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት ካላለቀ እስከ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ይሰነብታል።

እስከ ዐምና ያደኑት በውሰት ጠመንጃ ነበር። ዘንድሮ የራሳቸውን ገዙ። ሰደፉ የዋልነት እንጨት ነው፤ ጥይቱ ደግሞ አሜሪካኖች ከ1906 ጀምሮ ያልተለዩት .30-06። ተኩስ መለማመጃው ሜዳ ይዘውት ሲወጡ፣ ጎናቸው ያለው ሰው ጠመንጃውን አገላብጦ አየና «ቤድ ሳታስደርገው አደን እንዳትወጣ» አላቸው። ቤድ አልጋ መሆኑን ጋሼ ያውቃሉ። ግራ የገባቸው ጠመንጃ በምን ዓይነት አልጋ እንደሚተኛ ነው።

እኔ ጠመንጃ ተኳሽ አይደለሁም። የሚያስደስተኝ ሁለት ዕቃ የሚጋጠምበት ቦታ ነው፦ በር ከማጠፊያው፣ መጥረቢያ ከእጀታው፣ ጎማ ከቸርኬው። ዕቃ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው። የጋሼ ጥያቄም የመጋጠሚያ ጥያቄ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት መፍቻዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

ፈረንጆቹ አልጋ ያሉትን እኛ ማደላደል ብንለው ይሻላል። ጠመንጃ የሁለት ባሕርይ ጋብቻ ነው። አንደኛው ወገን ብረት ነው፤ በርሜሉና ከበርሜሉ ኋላ ያለው፣ ጥይት የሚጎርስበት፣ ባለሙያዎቹ አክሽን የሚሉት የብረት ቤት። ሌላው ወገን ሰደፍ ነው። ሰደፍ ስል ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ ብቻ ሳይሆን እስከ በርሜሉ ሥር የሚዘልቀውን እንጨት በሙሉ ማለቴ ነው። እነዚህን ሁለቱን ያጋባቸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ብሎን ነው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ በመካከላቸው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል። ማደላደል ማለት ብረቱ እንጨቱ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ልክ በልክ አድርጎ መሥራት ነው። ዛሬ ይህ የሚሠራው በአብዛኛው በኤፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ነገር ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ በሚጠነክር ሙጫ ነው።

ጋሼ ይህን ሰምተው ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ያዙና ነቀነቁት። «ይኸው፣ ምን ይነቃነቃል?» አሉ።

በእጅ አይታወቅም። እስኪ በወረቀት እናስላው። 9.7 ግራም የሚመዝን እርሳስ 60 ሴንቲ ሜትር በርሜል ውስጥ ወደ ፊት ሲሮጥ፣ 3.5 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ጠመንጃ ወደ ኋላ ይሸሻል። ከቃጠሎው ጋር አብሮ የሚሮጠውን የባሩድ ክብደት በግማሽ ደምረን ብናካፍል፣ እርሳሱ አፈሙዙን ሳይለቅ ጠመንጃው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ተንቀሳቅሷል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ነው። ተኳሹ ርግጫው ትከሻውን መታኝ ብሎ ሳይሰማው እርሳሱ ሄዷል። ስለዚህ እርሳሱ የሚወጣው ከቆመ ጠመንጃ ሳይሆን በመንገድ ላይ ካለ ጠመንጃ ነው።

በየተኩሱ በዚያው መንገድ ቢጓዝ ማንም አይከሰውም ነበር፤ የማነጣጠሪያ መነጽሩን አንዴ ማስተካከል ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ሲያርፍ ነው። ብረቱ በሁለቱ ብሎኖች መካከል በ0.05 ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል፣ ይህም ከጠጉር የሚቀጥን ነገር ነው፣ 100 ያርድ ላይ፣ ማለትም በ91 ሜትር፣ ጥይቱ 2.3 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን እንጨቱ ነው የሚወስነው።

ጋሼ ቡና እያፈሉ ስለነበር ምሳሌው ከፊታችን ነበረ። ጀበና ቂጡ ክብ ነው፤ ያለ ማቶት ብታስቀምጡት ይዋልላል። በ1962 ገበያ እንደወጣው ሬሚንግተን 700 ያሉ ጠመንጃዎች አክሽናቸው ክብ ነው። ክብ ነገር ማሽን ላይ ለመሥራት ይቀላል፤ ሰደፍ ውስጥ ሲቀመጥ ግን የጀበናው ጣጣ አለበት። በ1936 የወጣው ዊንቸስተር 70 ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፤ አያቱ የ1898ቱ ሞዘርም እንዲሁ። ጠፍጣፋው ደግሞ የራሱ ችግር አለው። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ወለሉ ካልተስተካከለ እንደሚወዛወዝ፣ ጠፍጣፋ ሆድም እንጨቱ በትክክል ካልተጠረበ አንዱ ጥግ ላይ ብቻ ያርፋል። ብሎኑ ሲጠብቅ ታዲያ እንጨቱ ሳይሆን ብረቱ ይጎብጣል።

ከአክሽኑ ሥር ከፊት በኩል አንድ ጥርስ አለች። የርግጫ ጥርስ ልበላት። ርግጫውን በሙሉ ተቀብላ ለእንጨቱ የምታስረክበው እሷ ናት። ጀርባዋ እንጨቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ካልተደገፈ፣ እያንዳንዱ ተኩስ እንጨቱን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ዓመታት ሲያልፉ እንጨቱ ይደቅቃል፤ አንዳንዱም ይሰነጠቃል።

«በልጅግስ?» አሉኝ ጋሼ። ልጅ ሆነው ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቤልጅየሙ ሞዘር ነበር።

በልጅግ መልስ አለው። የሞዘር 98 ዘሮች የኋላው ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ የብረት ቱቦ አላቸው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ የሚገፋው ብረትን እንጂ እንጨትን እንዳይሆን። የርግጫ ጥርሷ የምትደገፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ሰደፉን ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጥ ወፍራም ብረት አለ። ወታደር ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ይጠብሰዋል፣ ጠመንጃውን ምርኩዝ ያደርገዋል፤ ሞዘር ይህን አስቦበታል። ዛሬ ጠጋኞች በየብሎኑ ዙሪያ የአሉሚኒየም ምሰሶ ሲያስገቡና አዲስ ጥበብ ነው ሲሉ፣ ጎጃም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ዕቃ የአጎት ልጅ መሆኑን ብዙዎቹ አያስታውሱም።

እንግዲህ እንጨት ለምን እንደማይታመን። የመሰንቆ ቆዳ በእርጥበት ረግቦ በሙቀት እንደሚወጠር፣ እንጨትም ከአየሩ ጋር ይተነፍሳል። ጥቁር ዋልነት ከእርጥብ ግንድነት እስከ ፍጹም ድርቀት ሲሄድ በስፋቱ ከ5.5 እስከ 7.8 በመቶ ይኮማተራል፤ መጠኑ ግንዱ በየትኛው አቅጣጫ እንደተሰነጠቀ ይለያል። በርዝመቱ ግን ምንም አይልም ማለት ይቻላል። የጠመንጃ ሰደፍ እዚያ ድረስ አይሄድም፤ በእርጥብ ጫካና በደረቅ ሳሎን መካከል ነው የሚመላለሰው። የእንጨቱ እርጥበት ከ6 በመቶ ወደ 12 በመቶ ቢወጣ፣ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሰደፍ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ያብጣል። ቅድም ጥይት ያሳተን 0.05 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ይህ የእሱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ቫርኒሹ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የሚኔሶታ ክረምት ደግሞ ለእንጨት ክፉ ነው። ቤት ውስጥ ማሞቂያው ለስድስት ወር አየሩን እንደ ቆሎ ይቆላዋል፤ ውጭ በረዶና ጭጋግ ነው።

ኤፖክሲ እንደ እንጨት እርጥበት አይጠጣም፤ ማደላደል የተወደደውም በዚህ ነው። እንጨቱ ውጩ ላይ ቢያብጥም ብረቱ የሚያርፍበት አልጋ ቅርጹን አይለቅም።

ይህን ስል ጋሼ ወዲያው «በቃ፣ ይሠራለታ!» አሉ። እዚህ ጋ ነው ያቆምኳቸው። የመለማመጃው ሜዳ ሰው የሳተው ነገር አለ፤ ምክሩን የሰጠው ጠመንጃው አንድ ጥይት ሳይተኩስ ነው። አንድ ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት ቢያዝ ምን እንላለን?

ደግሞም ዛሬ «አዲስ ጠመንጃ» የሚለው ቃል አንድ ነገር አይደለም። ርካሽ የሚባሉት የፕላስቲክ ሰደፎች እንኳ ብዙዎቹ ተደላድለው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት። ሩገር አሜሪካን ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበሩ፣ ቅርጻቸው ቪ የሆነ የብረት ጉልቻዎች አሉት፤ ክቡ አክሽን እነሱ ላይ ያርፋል። ማቶት ማለት ይኸው ነው። ሌሎች አምራቾች ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ የአሉሚኒየም አጥንት ሰደፉ ውስጥ ይቀብራሉ። የፊንላንዱ ቲካ የርግጫ ጥርሱን ከብረቱ አውጥቶ ሰደፉ ውስጥ ተክሏታል፤ አክሽኑ ላይ ለእሷ የተቆረጠ ቦይ አለ። እንዲህ ላለው ጠመንጃ የመጀመሪያው መልስ አይሆንም ነው። ተሠርቶ ያለቀ አልጋ ላይ ሌላ አልጋ ማንጠፍ አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ገንዘብና ቅዳሜ ማባከን ነው። ፕላስቲኩ ራሱ ሙጫ የማይዝለት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኤፖክሲው ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሣል።

የጋሼ ግን እንጨት ነው። ምሰሶ የለውም፣ የአሉሚኒየም አጥንት የለውም። ጥርጣሬው ስለዚህ ባዶ አልነበረም።

በአማርኛ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። የጠመንጃ ሰዎች ይህን አባባል ቢያውቁት ብዙ ኤፖክሲ ይቆጥብ ነበር። በርሜሉ መጥፎ ከሆነ፣ ጥይቱ ለዚያ በርሜል ካልተስማማ፣ መነጽሩ የታሰረበት ቀለበት ከላላ፣ ወይም ተኳሹ ምላጩን ሲስብ ዓይኑን የሚጨፍን ከሆነ፣ ማደላደል ምንም አያመጣም። ጉልቻው ሲነቃነቅ ግን ወጡ ይደፋል። ይህንንም አያቶቻችን ያውቁት ነበር፤ ለተረት አልመች ብሏቸው ነው የተዉት መሰለኝ።

እናም ከወጡ ጀመርን። መጀመሪያ ጥይት አለመጉረሱን ሁለታችንም በየተራ በዓይናችን አየን። ከዚያ የመነጽሩን ቀለበቶች፣ ከዚያ ሁለቱን የሰደፍ ብሎኖች። የፊተኛው በጣት ኃይል ዞረ! ሱቁ ውስጥ ይሁን ፋብሪካው ውስጥ ማን እንደተወው አላውቅም። የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ መፍቻ ነበረኝና አምራቹ በመመሪያው ላይ ያዘዘውን ልክ ሰጠሁት። ለእንጨት ሰደፍ ከ4 እስከ 5 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው፤ አሉሚኒየም ላይ ለሚያርፍ እስከ 7 ይደርሳል። ጉልበት ያለው ሰው በተራ መፍቻ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል፤ እንጨት ደግሞ ሲጨፈለቅ አይጮህም።

ቀጥሎ ከመሳቢያ አንድ የአንድ ዶላር ኖት አውጥተን በበርሜሉና በፊት እንጨቱ መካከል ጎተትናት። እስከ አክሽኑ ድረስ ሳትያዝ ከሄደች በርሜሉ ነፃ ነው፣ እንጨት አይነካውም። የጋሼዋ ኖት መንገድ ላይ ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ገብታ ቆመች። ይህ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ሬሚንግተን 700ን ጨምሮ አንዳንድ ቀጭን በርሜል ያላቸው ጠመንጃዎች የፊት እንጨታቸው ጫፍ ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ጉብታ አላቸው፤ በርሜሉን ወደ ላይ እየደገፈ ንዝረቱን እንዲገታ። ጉብታውን ፍቀው አውጥተው የተሻለላቸው አሉ፤ ፍቀው የተጸጸቱም አሉ። የተፋቀ እንጨት አይመለስምና እኔ ሳልተኩስ አልፍቅም ባይ ነኝ። እንጨቱ በአንድ ጎን ብቻ በርሜሉን የሚጫን ከሆነ ግን ጉብታ ሳይሆን ጠማማ እንጨት ነው። የጋሼው በሁለቱም ጎን እኩል ነበር።

አሁን ተኩስ። ሰው ራሱን በጣም የሚያታልለው እዚህ ላይ ነውና ቀስ ብለን እንሂድ።

የአደን ሰው ሦስት ጥይት ይተኩሳል፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ትልቁን ርቀት ይለካል፣ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ለዓመታት ያሳያል። ሦስት ጥይት ግን በጣም ትንሽ ምስክር ነው። አንድ ጠመንጃ ሦስት ሦስት ጥይት ሲተኮስበት በአማካይ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሰበስብ ከሆነ፣ ምንም ሳይነካ በአምስት አምስት ጥይት 3.8፣ በአሥር አሥር ጥይት ደግሞ 4.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጠመንጃው አልከፋም፤ ምስክሩ በዛ እንጂ። ከዚህም የባሰው፣ ያው ጠመንጃ በአንድ ከሰዓት በኋላ አንዴ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ አንዴ 4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሦስት ጥይት ስብስብ ሊያወጣ ይችላል። የ4.5ቱን ጠዋት ተኩሶ፣ ሰደፉን አደላድሎ፣ የ1.5ቱን ማታ የተኮሰ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ የኤፖክሲ ሰባኪ ይሆናል። መጀመሪያ 1.5ቱ የደረሰው ደግሞ ጠጋኙን ፍርድ ቤት ሊያቆመው ይነሣል። ሁለቱም ያዩት አንድ ጠመንጃ ነው።

ስለዚህ ለጋሼ ያልኳቸው ይህን ነበር፦ አንድ ዓይነት ጥይት፣ ከአንድ ካርቶን፤ አምስት አምስት ጥይት አራት ጊዜ፤ በየመካከሉ በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ ቡና። «ሃያ ጥይት!» አሉ። ዋጋውን በልባቸው አሰሉ መሰለኝ ፊታቸው ጠቆረ። የሆነ ሆኖ ተኮሱ፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ከአሸዋ ከረጢት። በ100 ያርድ 4.4፣ 6.1፣ 4.2 እና 5.3 ሴንቲ ሜትር ወጣ። አማካዩ 5።

ይህ ጥሩ ነው መጥፎ? ለምን ሥራ እንደሆነ ሳይታወቅ አይመለስም። በዚያ ጫካ ነጭ ጭራው አጋዘን ልቡና ሳንባው ያለበት ቦታ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጋሼ የሚተኩሱት ዛፍ ለዛፍ ነው፤ መቶ ያርድ ማለት ለእሳቸው ሩቅ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር 20 ውስጥ አራት ጊዜ ይገባል። በምዕራቡ ገላጣ አገር 400 ያርድ አሻግሮ የሚተኩስ ሰው ግን ያው 5 ሴንቲ ሜትር 20 ይሆንበታል፤ እሱ ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

አንድ ፈተና ቀረ፤ እኔ በጣም የምወደው። ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ ይቆማል። አንዱ እጅ በርሜሉንና የፊት እንጨቱን ጫፍ አንድ ላይ ያቅፋል፤ ጣቱ መጋጠሚያው ላይ ያርፋል። በሌላው እጅ የፊተኛው ብሎን ቀስ ተብሎ ይላላል። አልጋው ጥሩ ከሆነ ጣት ምንም አይሰማውም፤ ብሎኑ የያዘው የተኛን ነገር ነበርና። አልጋው ጠማማ ከሆነ፣ ብሎኑ በግድ አጉብጦ የያዘው ብረት ሲለቀቅ በርሜሉ ከእንጨቱ ሽቅብ ይነሣል። ጣት ለዚህ የሚገርም መለኪያ ነው። እኔ በመለኪያ ሰዓት አደረግኩት። እንቅስቃሴው ከ0.05 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ጠጋኞች ደስ ይላቸዋል፤ 0.15 ሲያልፍ ኤፖክሲ ያነሣሉ። የጋሼው 0.1 ላይ ቆመ።

ሳቅኩ። መሐል መንገድ ላይ የሚያቆም ፈተና ነው፤ አድርግም አይል፣ ተውም አይል።

«እንግዲህ ምን ይሁን?» አሉ።

«ዘንድሮ አይነካ፣ ጋሼ።»

«ለምን? ዕቃው ሁሉ አለህ።»

አደኑ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ማደላደል ሲሳካ አይጎዳም። ሲበላሽ ግን መመለሻ የለውም፤ ማላቀቂያ ቅባት አንድ ቦታ ከተረሳ ብረቱና እንጨቱ ለዘለዓለም ተጋቡ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የአምራቹ ዋስትናም አለ፤ ፋብሪካው ሰደፉ የተነካበትን ጠመንጃ ተቀብሎ ላይጠግን ይችላልና፣ አዲስ ዕቃ ላይ ቢላዋ ከማንሣት በፊት የዋስትናውን ወረቀት ማንበብ ያስፈልጋል። ጠመንጃው ለሚጠየቀው ሥራ ከበቂ በላይ እየተኮሰ ነበር። በዚያ ላይ እውነቱን ለመናገር ጋሼን የገፋፋቸው የጠመንጃው ሕመም አልነበረም። አዲስ ዕቃ ሲገዛ እጅ ይበላል፤ አንድ ነገር ነክቶ የራስ ማድረግ ያምራል። ይህን ስሜት አልንቀውም። ነገር ግን ስሜቱን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል።

ጋሼ አኩርፈው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ በ70 እርምጃ አንዲት አጋዘን ጣሉ፤ ነፍሷ ሳትወጣ ባርከው ለማረድ ቢላዋ ይዘው በዚያ ዕድሜያቸው መሮጣቸውን ባልደረቦቻቸው እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ነገሩ የተለወጠው መጋቢት ላይ ነው። ጠመንጃው ክረምቱን ሙሉ ማሞቂያው አጠገብ ባለ ቁም ሣጥን ቆይቶ ነበር። ብሎኖቹን ስንሞክር ሁለቱም ሩብ ዙር ያህል ላልተው አገኘናቸው፤ እንጨቱ ደርቆ ሸሽቷቸዋል። አጥብቀን የብሎኑን ፈተና ስንደግመው መለኪያው ከ0.1 ወደ 0.2 ሄዶ ነበር። አሁን ጠመንጃው ራሱ ተናገረ። እንጨቱ ከዚህ ወዲያ በየዓመቱ እንዲህ እየሄደና እየመጣ ሊኖር ነው።

ሥራውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የርግጫ ጥርሷ ከምታርፍበት ቦታና ከአክሽኑ ጭራ ሥር 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ተፋቀ። ለኤፖክሲው ቦታ ብቻ ሳይሆን የሚነክሰው ሻካራ ነገርም ያስፈልገዋል። በሁለቱ ብሎኖች ዙሪያ የአሉሚኒየም ምሰሶዎች ገቡ። ከርግጫ ጥርሷ ፊት፣ ጎንና ሥር ፕላስተር ተለጠፈ፤ ፕላስተሩ ሲነሣ ክፍተት ይተዋል፣ እሷም በጀርባዋ ብቻ ትደገፋለች። ብረቱ ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ ልጆች በሚጫወቱበት ፕላስቲሲን ተደፈነ፤ ኤፖክሲ የገባበት ቀዳዳ ቁልፍ ይሆናልና። ከዚያ ማላቀቂያው ቅባት፣ ሁለት ጊዜ፣ ብሎኖቹን ጨምሮ። ኤፖክሲው ተለክቶ ተበጠበጠ፣ ተቀባ፣ ብረቱ ገባ፣ ብሎኖቹ በጣት ብቻ ተያዙ። በዚህ ጊዜ ማጥበቅ ጠማማውን ጠማማ አድርጎ ድንጋይ ማድረግ ነው። የፈሰሰው በጥጥ ተጠረገ። ሃያ አራት ሰዓት።

በማግስቱ አልወጣ አለ።

ብሎኖቹ ወጥተዋል፣ ጠመንጃው ግን ንቅንቅ የለም። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ዝምታቸው ግን ከስድብ ይከብድ ነበር። አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ጥቂት ቢሆንም ለመላቀቅ ይበቃል። ምድር ቤት ወዳለው ትልቁ ማቀዝቀዣ ወርደን ጠመንጃውን በሰያፍ አጋደምነው። ጎኑ የተኛው የጥቅምቱ አጋዘን ስጋ ነበር፤ ጊዜው ሁዳዴ ስለሆነ ፋሲካን ይጠብቃል። ሌሊቱን ሙሉ ገዳይና ሟች አብረው አደሩ።

ጠዋት በላስቲክ መዶሻ አንዴ ብነካው ጧ! ብሎ ተላቀቀ። ግራጫው ኤፖክሲ ውስጥ የአክሽኑ መልክ ከነጭረቱ ታትሞ ነበር። ጋሼ ጣታቸውን አስገብተው እንደ ሕፃን ጉንጭ ዳበሱት። የብሎኑን ፈተና ስንደግመው የመለኪያው ቀስት እንቅስቃሴ ለማየት መነጽሬን ማድረግ ነበረብኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳው ላይ ነበርን። ያው የጥይት ዓይነት፣ ያው ርቀት፣ አምስት አምስት አራት ጊዜ። 3.6፣ 5.2፣ 3.3፣ 3.9። አማካዩ 4።

ጋሼ «አየህ?» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

አየሁ። ከ5 ወደ 4 የሚሄድ ለውጥ በአራት በአራት ስብስብ ሲለካ በአጋጣሚም ሊመጣ እንደሚችል ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። የብሎኑ ፈተና የነገረኝን አምናለሁ፤ ወረቀቱ የነገረኝን ገና። የማያወላዳ መልስ ለማግኘት ሌላ ስልሳና ሰማንያ ጥይት ያስፈልግ ነበር። ፊታቸውን አይቼ አፌን መልሼ ዘጋሁ።

የ3.3ቱን ወረቀት በጥንቃቄ አጥፈው የደረት ኪሳቸው ከተቱ። የ5.2ቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ እሱን እኔ አነሣሁት።